ያለ ተመልካች

ጅዳ ውስጥ ማማ ኖራን እንድጠብቅ የተቀጠርኩ ሰሞን፣ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ሳቁብኝ፤ በኒ ማሊክ ሰፈር ያሉት የአገሬ ልጆችም እስከ ዛሬ እንደሳቁብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳሜ ኡሙ ዒሳ ሥራ ሄዳለች። እኔ ኩሽና ውስጥ ሩዝ እያጠብኩ ሳለ ከላይ፣ ከእናቷ ከማማ ኖራ ክፍል፣ በእንግሊዝኛ የሚለቀስ ልቅሶ ሰማሁ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ ቢሆንም "ልጄ" እና "ሞተ" የሚሉትን አላጣኋቸውም። ሮጬ ብወጣ አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸው አንገታቸው ድረስ ወርዷል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ቁጭ ብዬ ምን ተፈጠረ እያልኩ አልጠይቅም። ሻሼን አወረድኩና መሬት ላይ ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ፤ የራሴንም ሙታን አንድ በአንድ እያነሳሁ። እሳቸው በዓይናቸው ጠርዝ አየት አደረጉኝና ድምፃቸውን ጨመሩ።

ኡሙ ዒሳ ስትመለስ የጎረቤት ሠራተኞች ለማጽናናት በር ላይ ቆመዋል፣ እኔ ድምፄ ተዘግቷል።

"ማንም አልሞተም" አለችኝ በዓረብኛ፣ ድክም ብሏት። "እናቴ ተዋናይት ናት። ይሄን ልቅሶ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ታለቅሰዋለች።"

ማማ ኖራ ፊታቸውን በመሀረብ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ ሻይ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። በሰው እንባ እንዲህ ይቀለዳል? በጣም ተናደድኩ። ሻዩን ያለ ስኳር ሰጠኋቸው።

ቀስ እያልኩ ነው ማን እንደሆኑ የገባኝ። ኖራ ሄዘርሊ ይባላሉ። ሰሜን እንግሊዝ፣ ብርድና ንፋስ በማያጣው ወደብ፣ ከዓሣ ሻጭ እናት ተወለዱ። በልጅነታቸው ትያትር ቤት ተቀጥረው ለተመልካች ወንበር ያሳዩ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ተውኔቱን በቃላቸው ያዙት። አንድ ቀን ዋናዋ ተዋናይት ታማ ስትቀር ልብሷን አልብሰው ወደ መድረክ ገፏቸው፤ እሳቸውም ተመልሰው ወንበር አላሳዩም። ለንደን ገቡ። ንግሥት ሆኑ፣ መበለት ሆኑ፣ ባሏን በመርዝ የገደለች ሆኑ። በጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሲነሱ ደግሞ ዳይሬክተሮቹን "እንባው ከየትኛው ዓይን ይውረድ?" ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ። የታዘዘው ዓይን ያነባል፣ ሌላው ደረቅ ይሆናል። እኔ ውሸት ነው አልኩ። ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ እፊቴ አደረጉት፤ መጀመሪያ ከግራው፣ ከዚያ ከቀኙ።

አንድ ዓርብ በኒ ማሊክ፣ የአገሬ ልጆች በሚከራዩት ክፍል፣ ከድሮ ፊልሞቻቸው አንዱን በስልኬ አሳየኋቸው። እንግሊዝኛ የምትሰማ አንዲት እንኳ አልነበረችም። ማማ ኖራ፣ ያኔ ወጣት ናቸው፣ ባቡር ጣቢያ ቆመው የሚሄድ ሰው ይሸኛሉ፤ ምንም አይናገሩም፣ ጓንታቸውን ብቻ ያወልቁና መልሰው ያጠልቃሉ። ካሰች፣ በሰው ሁሉ የምታሾፈዋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ያን ቀን ቂሜን ተውኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ልጅ ይሰጣል ብዬ ገረመኝ።

በዚህ ሁሉ የማይገረም ሰው ቢኖር ኡሙ ዒሳ ናት። ካትሪን ነበር ስሟ። አያቷ ናት ያሳደገቻት፤ እናቷን በአብዛኛው የምታውቀው ከፖስተር ነው። ለንደን ስትማር ከአንድ የሂጃዝ ሐኪም ጋር ተዋወቀች፣ ሰለመች፣ ጅዳ ገባች፣ ዒሳን ወለደች። እናቷ አርጅተው ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበርና ጠያቂ ሲያጡ አመጣቻቸው። ትንከባከባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን አትረሳም። ግን ሲያለቅሱ ክፍሉን ትታ ትወጣለች፣ ሲስቁም አትስቅም። አንድም ነገራቸውን አታምንም ነበር።

ማማ ኖራ እኔ ስሰግድ ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ሶላቴን በሰላምታ እስክጨርስ ጠብቀው "ማን እያየሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አሉኝ። ማንም አልኳቸው፤ አላህ ብቻ።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተመልካች በሌለበት እጄን አንስቼ አላውቅም" አሉ። "ብቻዬን ስሆን ማን እንደምሆን አላውቅም።"

ከዚያ ወዲህ ምንጣፌ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ይቀመጡ ጀመር። ይጠይቃሉ፣ እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ የማላውቀውን ልጃቸውን ጠይቁ እላቸዋለሁ። ዓመት ሳይሞላ ሸሃዳ ይዘው ሰለሙ፣ መካ ለመግባት የሚጠየቀው የመስለም ወረቀትም ወጣላቸው። እኔ አለቀስኩ። ኡሙ ዒሳ እናቷን ሳመቻቸው፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻቸው፣ ፊቷ ግን እንደተዘጋ ነበር።

ማማ ኖራ መካ ለዑምራ ልሂድ ያሉ ጊዜ ነው ሁሉም የወጣው። ኡሙ ዒሳ ኩሽና ውስጥ በሩን ዘጋችና "ሀሲና፣ አንቺ እናቴን አታውቂያትም" አለችኝ። "ካዕባ ፊት ታለቅሳለች። በጣም ቆንጆ አድርጋ ታለቅሳለች። ሰው ይከባታል። ሁሉን ነገር ችዬላታለሁ፣ እዚያ ግን ስትተውን ካየሁ ሁለተኛ እናቴ ልላት አልችልም።"

የሰው ልብ በእኔ ኪስ አይደለም ያለው። ግን እኔንም ፍርሃት ያዘኝ። ሃይማኖቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ ትወና ከሆነ የእኔም እጅ አለበት። ደግሞስ ለእሳቸው ከዚህ ወዲያ ሌላ ቀን መቼ ይመጣል?

ጠዋት ዑምራውን በልባችን ነይተን ከጅዳ ተነሳን፤ ኡሙ ዒሳ ትነዳለች፣ ማማ ኖራ በመስኮት ያያሉ። መካ ስንደርስ አብዱልሃሚድ ጠበቀን። የመካ ሰፈር ከሆነው ከሩሰይፋ ነው፤ ቅድመ አያቱ ከእኛ አገር ለሐጅ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ አማርኛው ግማሹ ዓረብኛ የሆነ ዘመዴ ነው። ሥራው በታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ውስጥ፣ አቅመ ደካሞችን በጋሪ መግፋት ነው። እየገፋ ዱዓውን በቁራጭ በቁራጭ ይላል፣ የተቀመጠው ሰው ይደግማል። ዓረብኛ የማያውቅ ሐጃጅ በሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ላይኛው ፎቅ ወጥተን ካዕባ ሲታይ እኔ እንደ ሁልጊዜዬ አለቀስኩ። ስንቴ አየሁት፣ አሁንም አልለመድኩትም። እንባዬን ስጠርግ ማማ ኖራን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝና የትኛው ዓይናቸው እንደሚያነባ ለማየት ነው የፈለግኩት። ሁለቱም ደረቅ ናቸው። አፋቸውን ከፍተው ታች የሚዞረውን ሕዝብ ያያሉ።

"ይህን ሁሉ ሰው ተመልከቺ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ማንም ማንንም አያይም።"

ጠዋፉን፣ ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞሩን፣ ጀመርን። "ያላ ማማ፣ እኔ ያልኩትን በሉ" አለ አብዱልሃሚድ፤ እኔ ተረጎምኩላቸው። የመጀመሪያውን ቁራጭ አለ፣ እሳቸው ደገሙ። ሁለተኛውን አለ፣ ደገሙ። አብዱልሃሚድ ጋሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። ከጉሮሮ የሚወጣው ፊደል ከጉሮሮ ወጣ፣ የሚረዝመው ረዘመ፣ የሚሰበረው ተሰበረ። ደግሞ ያ ድምፅ! መላ ትያትር ቤት ያለ ማጉያ ሲሞላ የኖረ ድምፅ እርጅና አልነካውም። አጠገባችን የነበሩ ሴቶች መሪያቸውን ትተው ማማ ኖራን መድገም ጀመሩ። የእስያ ሰዎች ቡድን ተጠጋ፣ ቱርኮች ተጨመሩ፣ ጋሪ ገፊዎች እርምጃቸውን ከእሳቸው ጋር አስተካከሉ። ከፊትም ከኋላም ሰው ሁሉ ከአንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት አፍ ዱዓ እየተቀበለ ይሄዳል። እኔ በደስታ ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ እላለሁ።

ዞር ስል ኡሙ ዒሳን አየኋት። ከኋላችን ራቅ ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትራመዳለች። ኩሽና ውስጥ የነገረችኝ ቀን ደርሷል ማለት ነው። ደስታዬ ከእግሬ ስር ተሟጠጠ።

ማማ ኖራ በድንገት ዝም አሉ። አብዱልሃሚድ ቀጣዩን አለ፣ አልደገሙም። የከበቡን ሰዎች ትንሽ ጠበቁና ወደየመሪያቸው ተበተኑ። አቁሙኝ አሉ። መሃል መንገድ መቆም ክልክል ስለሆነ አብዱልሃሚድ ጋሪውን ወደ ዳር አውጥቶ አጥሩ አጠገብ ያዘው። ኡሙ ዒሳም ደረሰችና ከጋሪው ኋላ ቆመች፤ እናቷ አላዩዋትም።

"ይህ እኔ አይደለሁም" አሉኝ ክንዴን ይዘው። "የዚህን ሰውዬ ድምፅ ነው የወሰድኩት። ሰዎቹ ሲመጡ ተሰማኝ፣ ለእነሱ ማሳመር ጀመርኩ። እዚህም ያንኑ አደረግኩ።" እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ የአገሬ ዱዓ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ጉዳይ ያለበት ሰው ራሱ አያሳምርም። ጉዳዩን ለሚለምንለት ሰው ይነግራል፣ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ በቃ። እንዲህ ነው አልኳቸው። የሚደገም የለም። እኔ እለምናለሁ፣ እርስዎ ምን እንዲባልልዎ እንደሚፈልጉ ብቻ ይንገሩኝ።

ሰው እንደ ጎርፍ በአጠገባችን ያልፋል። ሲናገሩ ድምፁን አላወቅኩትም። ቀጭን፣ ሻካራ፣ ቃሉን የሚውጥ፣ ገበያ ላይ ሲጮህ እንደዋለ ሴት ድምፅ። እንግሊዝኛቸውን እንኳ በግድ ነው የተከተልኩት።

"ካትሪን ሕፃን ሆና በትኩሳት ስትቃጠል እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። እሷን አስቤ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ እንባ ባስፈለገኝ ቁጥር ያቺን ልጅ ነው ከአልጋዋ የማነሳት። ይቅር በለኝ ብለሽ ጠይቂልኝ። ለእሷ አልነግራትም፤ ትወና ይመስላታል።"

ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ፊታቸው ላይ የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም፤ አፍንጫቸው ብቻ እንደ ማንኛውም አሮጊት ይፈስ ነበር፣ አልጠረጉትምም።

ኡሙ ዒሳ የብረቱን አጥር ይዛለች። "ይሄ የአያቴ አነጋገር ነው" አለችኝ በዓረብኛ። "የወደቡ ሰዎች አነጋገር። የለንደን ትያትር ነው ያስጣላት። እኔ ከእሷ አፍ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።"

እናቷ ድምጿን ሰምተው ሊዞሩ ሲሉ እሷ ቀደመቻቸው። አብዱልሃሚድን ፈቀቅ አድርጋ የጋሪውን እጀታ ያዘችና ወደ ሰዉ መሃል መልሳ ገፋችው። ማማ ኖራ እጀታው ላይ ያሉትን ጣቶች ነክተው የማን እንደሆኑ አወቁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

እኔም ጀመርኩ። ዓረብኛው ሁሉ ጠፋብኝ፣ የመጣልኝ የወሎ አማርኛዬ ብቻ ነው። "ያ ረቢ" አልኩ፣ "ይቺን እናት ይቅር በላት። ልጇን ከዚያ አልጋ ላይ አንስታታለች፤ አሁን አስታርቀህ ልጅቱን መልሰህ አስተኛት።"

"አሚን" አሉ ማማ ኖራ፣ በዚያው በሻካራው ድምፅ።

ከኋላቸው ልጃቸው "አሚን" አለች። እኔ እያለቀስኩ ለመንኩ፣ ሁለቱ በማያውቁት ቋንቋ ላይ አሚን እያሉ ተከተሉኝ፣ የቀረውን ዙር ሁሉ እንዲሁ ዞርን።