በቁመታቸው ቅደም ተከተል

ተመራማሪዋ ሦስቱን ሳጥኖች ምልክት አድርጋ አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ተገታ። የጆርናሉ ድረ ገጽ የጠየቃት በጨዋ ደንብ ነው፦ «ሁሉም ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበው ተስማምተውበታል?» ይህችን ሳጥን ነካ አድርጋ «ላክ» የሚለውን ብትጫን ማረጋገጫው ወዲያው ይመጣላታል፤ እሱን አትማ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ መሮጥ ብቻ ነው የሚቀራት። ቢሮው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲዘጋ የውል ማደሻው ጊዜም አብሮ ያበቃል። ጥናቱን ለጆርናል ያላስገባ ተመራማሪ ውሉ አይታደስም። መመሪያው ይህን የሚናገረው በአንድ መስመር ነው፤ «ያሳዝናል» እንኳ አይልም።

እሷን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ስልኳን አንስታ ትናንት የመጣላትን መልእክት እንደገና አነበበችው። «አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ይላክ።» የላኩት የክፍሉ ኃላፊ፣ የጽሑፉም ሁለተኛ ጸሐፊ የሆኑት ሰው ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከጀርባቸው «ጋሼ ፊርማ» ይላቸዋል።

አንብቤዋለሁ አሉ እንግዲህ። ተመራማሪዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ዋሽተዋታል፤ እሷም እጅ ከፍንጅ ይዛቸዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ፊርማ የመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ ቆመው፣ በኮሪደር እየሄዱ፣ አንዳንዴም ስልክ እያወሩ በሰው ጀርባ ላይ አስደግፈው ይፈርማሉ። ከክፍሉ በሚወጣ ጥናት ሁሉ ላይ ስማቸው አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዋ በምሳ ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ «ያንቺንም አያነቡትም፤ ስማቸው በትክክል መጻፉን ብቻ ነው የሚያዩት» ካላት ወዲህ ጥርጣሬው እንደ ጥርስ ሕመም ይዞ አልለቅ አላት። ሲስቁላት ጠረጠረች፤ ሳይስቁላትም ጠረጠረች። «ሥራሽ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቋት እንኳ ምን ሊወስዱብኝ ይሆን ማለት ጀመረች። በመጨረሻ ወጥመድ አጠመደችላቸው።

ጥናቱ በዱቄት ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ትንፋሽ በብናኙ ምክንያት ምን ያህል እንደተዳከመ የሚመረምር ነው። ረቂቁን ስትልክላቸው፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ የአጠናን ዘዴው በሚብራራበት መሃል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሸጎጠች፦ «ተሳታፊዎቹ የተመረጡት በቁመታቸው ቅደም ተከተል ነው።» የፋብሪካ ሠራተኞች እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው! ያነበበ ሰው ይህችን ሳያያት ሊያልፍ አይችልም። ዓረፍተ ነገሯ ያለችበትን ፋይል «የመጨረሻ» ብላ ላከችላቸው። ለጆርናሉ የሚሄደውን፣ ወጥመዱ የሌለበትን ደግሞ «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚል ስም ሰጥታ አስቀመጠችው። የሳቸው መልስ በማግስቱ ደረሰ፤ ስለ ቁመት ያነሱት ነገር አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ይህንን ለታላቅ እህቷ ስትነግራት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። የተከራየችበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተብሎ ሱቋ ከተዘጋ ጀምሮ ትልልቆቹ የፀጉር ማድረቂያዎች እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ጥግ ተደርድረው መተላለፊያ አሳጥተዋቸዋል። የቤት ኪራዩም፣ የእህቷ ልጅ ትምህርት ቤትም፣ አስቤዛውም በተመራማሪዋ ደሞዝ ላይ ወድቋል።

«ቆይ፣ አንብበውት ቢሆንስ?» አለች እህቷ ሸሚዟን እየተኮሰችላት።

«ቢያነቡት ዝም ይሉኝ ነበር?»

«እኔ ብሆን ዝም እልሽ ነበር። ምን አስባ ነው እያልኩ አይሻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ይመስልሻል።»

እህቷ ካውያውን አቁማ ትክ ብላ አየቻት። «እኔ ነኝ ወጥመድ ያጠመድኩት?» አለችና ሸሚዙን አቀበለቻት። ተመራማሪዋ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እህቷ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «ብቻ ያንን ጽሑፍ ዛሬ አስገቢልኝ፣ የኔ እናት። ከሰውየው ጋር መጣላቱ ነገም ይደርሳል» ብላ ለመነቻት።

ተመራማሪዋ አራተኛዋን ሳጥን እያየች ይህንኑ ልመና አስታወሰች። ምልክት ብታደርግ መዋሸቷ ነው፤ ሰውየው አላነበቡም። ስማቸውን ብትሰርዝስ? ጣቷ ወደዚያው ሄዳ ነበር። ነገር ግን የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያውን ያስመጡት እሳቸው፣ የፋብሪካውን በር ያስከፈቱት እሳቸው፣ አለካኩንም ከጎኗ ቆመው ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። የሠራ ሰው ስም ሳይነገረው እንደማይፋቅ ታውቃለች። ስለዚህ ፊት ለፊት ልትነግራቸው ቆረጠች። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያፍሩ ለማየትም ቋምጣ ነበር። ሁለቱንም ረቂቆች አትማ ወደ ቢሯቸው ገሰገሰች።

ጋሼ ፊርማ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ወንበር አሳዩዋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ረቂቁን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ ብዬሽ የለ?»

«ገጽ ዘጠኝንም?»

መነጽራቸውን አጠለቁና አዩዋት። የጠበቀችው ድንጋጤ ፊታቸው ላይ የለም። የታከታቸው ሰው ነው የሚመስሉት፤ ይህ ደግሞ ከድንጋጤው ይልቅ እሷን አስፈራት።

«መጀመሪያ የተመረጠው አጭሩ ነው ረጅሙ?» አሏት።

ተመራማሪዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ሳያት መጀመሪያ ሳቅሁ» አሉ ጋሼ። «ቀጥሎ ግን ከፋኝ። ወይ የጻፈችውን መልሳ የማታይ ዝርክርክ ናት፣ ወይ እየፈተነችኝ ነው አልኩ። ዝርክርክ አለመሆንሽን ደግሞ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይላክ አሉኝ?»

«አንቺስ ምን ታደርጊ እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ። ስጠብቅሽ ነበር።»

ከዚያም ማንም የማያወራውን ነገር ነገሯት። ከዓመታት በፊት እንደ ልጃቸው የሚያዩት አንድ ተማሪ ያልለካውን ለካሁ ብሎ፣ ቁጥር ፈጥሮ፣ የሳቸውንም ስም ጨምሮ አሳትሞ ነበር። ጽሑፉ ሐሰት ተብሎ ሲሰረዝ የእሳቸው ስም አብሮ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቆመው የሚፈርሙት የግዢና የዕረፍት ወረቀት ነው፤ ጥናት ግን በር ዘግተው፣ እያንዳንዱን ሰው እየተጠራጠሩ ያነባሉ። ተመራማሪዋ ልታምናቸው ፈለገች። ሆኖም ጥርጣሬ አንዴ ከለመደ በቀላሉ አይወጣም፤ ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርጉ ዓይናቸው እዚያች መስመር ላይ ወድቆ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣባት።

«ከገጽ ዘጠኝ በኋላ ያለውንስ አነበቡት?» አለቻቸው።

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «እሱን አላነበብኩም። ወጥመዱን ካገኘሁ በኋላ ምኑን አነባለሁ? አንቺን ስመረምር ነው የዋልኩት።»

ተመራማሪዋ ልትቆጣ ነበር፤ ግን እሷም ያው ናት። ዓረፍተ ነገሯን ከሸጎጠች ጀምሮ ረቂቁን የከፈተችው በመጀመሪያ ያችኑ መስመር ለማድነቅ፣ በኋላም እሷኑ ለማውጣት ብቻ ነው። የቀረውን ገጽ ሁለቱም አላዩትም።

«እንግዲያው» አሉ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሁለት ረቂቆች በጣታቸው እየነኩ፣ «እኔ ይላክ ያልኩት ሌላ፣ አንቺ የምትልኪው ሌላ። ይሄማ አይሆንም። በይ የሚላከውን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ጊዜ አለን።»

ማንበብ ጀመረች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ላይ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥርና ጽሑፉ ላይ ያለው ቁጥር እንደማይገናኝ ነገሯት፤ አየችው፣ ልክ ናቸው። ሌላ ቦታ ላይ «አረጋገጥን» ያለችውን «ጥናቱ አመላከተ» በይው አሏት፤ እሱም ልክ ነው። ሰው እንዲህ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው ሥራውን ሲወድ ነው። ተመራማሪዋ ቀስ በቀስ ትከሻዋ እየላላ መጣ፣ ጠዋት ለእህቷ ያወራችውም አሳፈራት። በዚህ አያያዛቸው እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳሉ፤ ሳጥኗም ያለ ውሸት ምልክት ይደረግባታል።

የሥነ ምግባሩ አንቀጽ ላይ ደረሱ። ይህ አንቀጽ ከክፍሉ በሚወጣ ጥናት ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ የመጣ ከነባሩ ይቀዳዋል፣ ነባሩም ከሱ በፊት ከነበረው፤ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። የሚቀየረው የቦታው ስም ብቻ ነው። ተመራማሪዋ ወረቀቱን ሳታይ በቃሏ ወረደችው፦ «ሁሉም ተሳታፊዎች ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል።»

ቀጣዩን ሳትጀምር ወረቀቱን አስቀመጠች። የፋብሪካው ጆንያ ጫኞች ትዝ አሏት።

«ምነው?» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ እውነት አይደለም።»

ነገረቻቸው። በፋብሪካው የመጫኛ ጥላ ሥር ጫኞቹን ሰብስባ የፈቃድ ቅጹን አንብባላቸው ነበር። አብዛኞቹ መጻፍ ስለማይችሉ ለጣት አሻራ የሚሆን ቀለም አቀረበችላቸው። ማንም እጁን አልዘረጋም። አለቃቸው ትከሻው ላይ ያለውን ዱቄት እያራገፈ፣ «እኛ ጣታችንን ባሳረፍን ቁጥር የሚቀነስብን ነገር አለ። ትንፋሻችንን ለኪ፣ ጣታችንን ተይልን» አላት። ሌሎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ አረጋገጡለት፤ ከዚያ በየተራ እየመጡ፣ እየቀለዱ መሣሪያው ውስጥ ተነፈሱ። የዚያን ዕለት ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር፤ በቃሏ ብቻ አምነዋት እሺ ስላሏት። ይህን ለጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሳወቅ እንዳለባት ግን ዘነጋችው። በኋላ አንቀጹን ከድሮ ጥናት ስትቀዳም አንድም ነገር አልከነከናትም።

ኮሚቴው ጥናቱን የፈቀደው ተሳታፊዎች በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ከተስማሙ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ እንደሆነም ያውቃሉ።

«ጫኞቹን ብናወጣቸውስ?» አሉ ጋሼ።

«ምን ይቀረናል? ትንፋሻቸው ከሁሉም የባሰው እኮ እነሱ ናቸው።»

ጋሼ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ። «ይህቺን ዓረፍተ ነገር አጣርቶ የሚያውቅ ሰው የለም» አሉ። «እኔም አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ቢሮው ገና አልተዘጋም፣ ልጄ።»

«ልጄ» ብለዋት አያውቁም። ተመራማሪዋ የደነደነ ጀርባቸውን አየች፣ ኪሳቸው ውስጥ ያስገቧቸውን እጆች አየች፣ ከድምፃቸው ውስጥ አንዳች ነገር ለማግኘት ጆሮዋን አቆመች። እያዘኑላት ነው ወይስ እንደገና እየፈተኗት? ካዘኑላት ሮጣ መላክ ትችላለች፤ ነገ የቤት ኪራይ አለ፣ እህቷ አለች፣ ሥራ ያጡ ማድረቂያዎች አሉ። ፈተና ከሆነ ግን ስሟ ከዚያ ተማሪ ስም አጠገብ ሊጻፍ ነው። አገላብጣ አገላብጣ አሰበችው፤ መለየት አልቻለችም።

ከዚያ በራሷ ተናደደች። ከጠዋት ጀምሮ ውሸታም ስትፈልግ ነው የዋለችው፤ ውሸቱ ግን በገዛ እጇ ተጽፎ፣ በገዛ አፏ ተነብቦ ተገኘ። አሁንም የምታሰላው ጋሼ ምን ያስባሉ የሚለውን ነው። ጫኞቹ በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። ያመኗት እነሱ ነበሩ፤ የፈሩት ደግሞ በሌሉበት እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳይጻፍባቸው ነበር። እህቷን አስባ አለቀሰች ማለት ይቻላል፤ እንባው ብቻ ነው ያልወረደው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎን ልጠቀም?»

«ተጠቀሚ» አሉ ሳይዞሩ።

በወንበራቸው ተቀመጠች። የጆርናሉን ገጽ አልከፈተችም። ለኮሚቴው ጻፈች፦ ጫኞቹ የተስማሙት በቃል መሆኑን፣ ጣታቸውን ለምን እንደከለከሉ፣ ይህንንም በጊዜው ሳታሳውቅ የቀረችው እሷ ራሷ መሆኗን፣ መልስ እስኪሰጣትም ጥናቱን የትም እንደማትልክ። ማስዋቢያ አላበዛችበትም። ለሁለተኛ ጸሐፊውም ግልባጭ አደረገች።

ጋሼ ፊርማ ከመስኮቱ ሲዞሩ የጫማቸውን ድምፅ ሰማች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ፊታቸውን ብታይ፣ ያሉት ነገር ፈተና ይሁን ርኅራኄ ታውቅ ነበር። ቀና አላለችም። መልእክቱን ላከችና ስልኳን አንስታ ለእህቷ ደወለች።