ዘውድ የጫኑ ላሞች

ኮርቢኒያን ያረፉት ጠዋት፣ ቡርጊ ቤቷ ለሚያድሩት ተከራይ እንግዶች እንቁላል ስትቀቅል ነው። ሻይ ይዛ ወደ ክፍላቸው ገባችና "አባባ፣ ይነሱ እንጂ፣ ዛሬ እኮ ቀኑ ነው!" አለቻቸው። ጠጋ ብላ እጃቸውን ስትይዘው እጁ መልሶ አልያዛትም። ስኒውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቆመች።

ቀጥሎ የሚደረገውን አሳምራ ታውቀዋለች። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደዋይ መጥራት፣ ጎረቤቷን ሬዝልን መጥራት፣ ሻማ ማብራት፣ ሬሳውን ብቻውን አለመተው። አማቷ ናቸው። በሙሽርነቷ እጇን ይዘው ወደዚህ ቤት ያስገቧት፣ ባሏ ሲሞትባት ደግሞ "እኔ አለሁ" ብለው ቤቱን ያቆሙላት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቀች አንዱንም አላደረገችም። በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ እንቁላሉ ተመለሰች። እንቁላሉ ደንጊያ ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ፍሮኒ ዛሬ ከብቶቹን ከተራራው ታወርዳለች። ሂንተርካር በብርዱ ወራት በበረዶ ሸርታቴ፣ በሞቃቱ ወራት በእግረኛ ተጓዦች የሚኖር መንደር ነው፤ ላሞቹ የሚወርዱበት የመስከረም ቀን ግን የመንደሩ የራሱ ቀን ነው፣ ቢያንስ ድሮ እንደዚያ ነበር። ሞቃቱን ወራት ተራራው ላይ አሰማርቶ አንድም ከብት ሳይጎድልበት የመለሰ እረኛ ላሞቹን ዘውድ ያስደፋቸዋል። የጥድ ቅርንጫፍ፣ የወረቀት ጽጌረዳ፣ መሪዋ ላም ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚያንጸባርቅ መስታወት። ከብት ከሞተ፣ ወይም በባለከብቱ ቤት ሰው ከሞተ፣ ዘውድ የለም። የላሞቹ ቃጭል በድርቆሽ ይደፈንና ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የረሳውም የለም።

ፍሮኒ ደግሞ ይህን ዘውድ የምትፈልገው እንዲሁ አይደለም። ሆቴል ቤት ሥራ ተምራ፣ ኢንስብሩክ ከተማ ሁለት ቦታ ሠርታ፣ ሁለቱንም ጥላ የመጣች ልጅ ናት። አንድ ቦታ አትረጋም። "ዘንድሮ ከብቶቹን እኔ ይዤ እወጣለሁ" ስትል መጠጥ ቤቱ ሙሉ ሳቀባት። "ሐምሌ ሳይጋመስ ጥፍሯን ልትቀባ ትወርዳለች" ያለው ማን እንደሆነ ቡርጊ እስከ ዛሬ አልረሳችም። ልጅቷ ግን ሐምሌንም ነሐሴንም አለፈችው። "እማ፣ ሁሉንም ካወረድኳቸው እቀራለሁ። እዚሁ እቀራለሁ" ብላለች። ቡርጊ ያቺን ቃል ይዛ ነው እነዚያን ወራት የከረመችው። ታላቅ ልጇ ሐምቡርግ ቀርቷል፤ ይህቺም ከሄደች ቤቱ ለእንግዳና ለአይጥ ይቀራል።

ስለዚህ ሰዓታትን ልትሰርቅ ቆረጠች። ላሞቹ መንደሩን አልፈው በረት እስኪገቡ ብቻ። ከዚያ በኋላ ታለቅሳለች፣ ደወሉም ይደወላል። አባባ እንደሆኑ አሁን የትም አይሄዱ።

ይህን ስታስብ በራሷ ደነገጠችና ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። የተወለወለውን ደግማ ወለወለችው።

ነፋሱም አላገዛትም። ከትናንት ጀምሮ ከደቡብ የሚነፍሰው ሞቃት ነፋስ ነው፤ እሱ ሲነሳ የሂንተርካር ሰው ራሱን ያመዋል፣ ባልና ሚስት በማይረባ ነገር ይጣላሉ፣ ውሻ ያለምክንያት ያላዝናል። ተራራው አፍንጫ ሥር የመጣ ይመስላል። ቡርጊ ወደ ላይ ወጥታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች፣ ወረደች፣ ጓዳ ገባች፣ ምን ልትወስድ እንደገባች ጠፍቷት ወጣች።

"ቡርጊ፣ አያትየው ከሰዓት መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ አይደል?" አለቻት የሆላንዷ እንግዳ፣ የተራራ ጫማዋን እያሰረች። "እሳቸውንና ላሞቹን አንድ ላይ ፎቶ ላነሳቸው ነበር።"

"እናያለን" አለች ቡርጊ።

"ትናንት እንዴት ያለ ጨዋታ አጫወቱን መሰለሽ! ባሌን ሳቁ ሊያንቀው ነበር።"

"ጨዋታ ያውቃሉ" አለችና ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ፍሮኒ ናት። ከኋላዋ የቃጭል ጩኸት፣ የሰው ሳቅ፣ የነፋስ ፉጨት ይሰማል።

"እማ! ላይኛው መጠጥ ቤት ደርሰናል! አረቄ በግድ አጠጡኝ፣ ሰክሬልሻለሁ!"

"አፈር ብዪ፣ በቀን?"

"ውሸቴን ነው፣ አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት። መሪዋን ላም፣ ኮከብን ብታያት! ዘውዱን ስጭንባት እንደ ንግሥት ተጎማለለች፣ ሌሎቹን ዞራም አታይ። አያቴስ? ነቅተዋል?"

ቡርጊ ግድግዳውን ተደገፈች። አሁን መናገር ይቻላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅቷ እዚያው ዘውዱን አውርዳ፣ ሰው ሳያያት አልቅሳ፣ በወግ ትመጣለች።

"ደህና ናቸው" አለች። "ትንሽ ተኝተዋል።"

"ተያቸው ይተኙ። ስንቃረብ ግን ቀስቅሻቸው እሺ? ከመስኮቱ ያዩኛል።"

"እሺ የኔ ልጅ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቡርጊ አፏን በሽርጧ አፈነች። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ አሁን ግን ዋሽታለች። ለዚያውም ለልጇ፣ ለዚያውም ስለሳቸው። ኮርቢኒያን እኮ ከዓመታት በፊት ሚስታቸው በነሐሴ በሞቱ ጊዜ የበዓሉ አዘጋጆች ቤታቸው ድረስ መጥተው "ለእንግዶቹ ሲባል፣ ለዘንድሮ ብቻ" እያሉ ሲለምኗቸው አንዲት ቃል ሳይመልሱ ዘውዱን ይዘው ወጥተው እንጨት ማስቀመጫው ውስጥ የወረወሩ ሰው ናቸው። ቢሰሙ ምን ይሏት ነበር? ምንም አይሏትም ነበር። ያያሉ ብቻ፤ እሱ ነው የሚከፋው።

ደረጃውን ወጣች ወረደች። አንዴ ቁልፉን አውጥታ በሩ ላይ ሰካችው፣ ነቀለችው።

በዚህ መሃል ሉዊስ መጣ። ሉዊስ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፤ የባሏ የአጎት ልጅ ስለሆነ በር አያንኳኳም። ባለላባ ቆቡን አዘንብሎ፣ አዲሱን የቆዳ ሱሪውን ለብሶ፣ በላብ ተነክሮ ገባ።

"ቡርጊዬ፣ መንገዱ በሰው ጢም ብሏል! ተራራ የሚያወጣው የገመድ መኪና ጣቢያ ድረስ አውቶቡስ ተደርድሯል። ሽማግሌውን መስኮት ላይ አውጪልኝ፣ ቴሌቪዥን መጥቷል።"

"አይችሉም።"

"ምን ማለት ነው አይችሉም? ወንበሩን እኔ እሸከማለሁ።"

"ሉዊስ፣ አይችሉም አልኩህ።"

ሉዊስ አያት። ቂል ቢመስልም ቂል አይደለም። ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ።

"መቼ?"

"ጠዋት።"

"ማን ያውቃል?"

"አንተ።"

አማተበ፤ ለዚህ እንኳ አይታማም። ከዚያ ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። "ጥሩ ነው ያደረግሽው። እኔ አልሰማሁም፣ አንቺ አልነገርሽኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ያልቃል። ለሞተ ሰው ደግሞ ጥቂት ሰዓት ምኑ ነው? እሳቸውም ቢሆኑ ደስ ይላቸው ነበር።"

"ደስ ይላቸው ነበር?"

"እንዴታ! ለመንደሩ ነው እኮ።" ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረጋትና ቆቡን መልሶ ደፍቶ ወጣ።

ቡርጊ እዚያው ደርቃ ቀረች። ሊቆጣት ይገባ ነበር። አንድ ሰው ጮኾ "አበድሽ እንዴ?" ቢላት ደስ ባላት። ሉዊስ እንዲህ በቀላሉ መስማማቱ፣ ለዚያውም በዚያ በሚያብለጨልጭ ሱሪ፣ ያደረገችውን ነገር በገዛ ፊቱ ላይ አሳያት። አስጠላት። እሷ ለልጇ ብላ የደበቀችው ለሉዊስ የአውቶቡስ እንግዳ ማዝናኛ ሆነ። ስልኩን አነሳችና ለፍሮኒ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። በቃጭሉ ጩኸት ማን ይሰማዋል?

ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ መንገዱ ወጣች። ወደ ላይ ሮጣ መንደሩ ሳይደርሱ ልትቀድማቸው ነበር፤ ነገር ግን ሰዉ ግንብ ሆኖባታል። ቋሊማ የሚጠብሰው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለው፣ የተራራ ዱላውን እንደ ጦር ያቆመው። "ይቅርታ፣ አሳልፉኝ፣ ይቅርታ" እያለች በክርኗ ገፋች። አንዱ "ሰልፍ አለ እኮ እናት!" አላት። በገዛ መንደሯ፣ በገዛ ሐዘኗ ቀን።

ቃጭሉ ተሰማ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ደረት ውስጥ የሚገባ ሆኖ። ሰዉ ተንጫጫ፣ ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ። ከመታጠፊያው ላይ ኮከብ ብቅ አለች፤ ጥዱ አረንጓዴ፣ ጽጌረዳው ቀይ፣ መስታወቱ ፀሐዩን እየበተነ። አጠገቧ ፍሮኒ። ፊቷ በፀሐይ ከስሎ፣ ጥርሷ ብቻ እየታየ፣ የመጠጥ ቤቱን ሰዎች እያየች ዱላዋን ወደ ላይ ታወዛውዛለች። የሳቁባት ሁሉ እያጨበጨቡላት ነው። ቡርጊ ልጇን እንዲህ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ "ይለፍ፣ ዝም ልበል" የሚል ሐሳብ መጣባት።

ፍሮኒ አየቻት። ሳቋ ሰፋ፣ ከዚያ ቀነሰ። እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"እማ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አያቴ ጋ ማን አለ?"

ቡርጊ አፏን ከፈተች። "ሬዝል አለች" ማለት ይቻል ነበር። ሬዝል ግን ፊት ለፊት ቆማ እያጨበጨበች ነው።

"እማ፣ ማን አለ አልኩሽ?"

"ማንም።"

"ብቻቸውን ተውሻቸው?"

ቡርጊ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናቷ እኚያን ሰው ብቻቸውን የምትተው ሴት አለመሆኗን ልጅቷ ታውቃለች፤ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ለቅዳሴ እንኳ ስትወጣ ሰው ሳታስጠብቃቸው አትሄድም ነበር። ፍሮኒ ዱላዋን ዝቅ አደረገች።

"መቼ ነው?"

"ጠዋት። ፍሮኒዬ፣ ላንቺ ብዬ..."

"ስደውልልሽ አርፈው ነበር?"

"አዎ።"

"ጨፍሬያለሁ" አለች ፍሮኒ በቀስታ። "ላይኛው መጠጥ ቤት አኮርዲዮን ነበር። ዘውድ ይዤ ጨፍሬያለሁ፣ እማ። አያቴ ሞተው።" ዱላዋን መሬት ላይ ጣለችው። "ሰው ነገ ምን ይለኛል? እሱስ ይቅር፣ እሳቸው ምን ይሉኛል?"

ወደ ኮከብ ዞረችና ገመዱን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ በጥርሷ ሳበችው። ሉዊስ ሰዉን እየጣሰ ደረሰ። "እዚህ አይደለም! ፍሮኒ፣ በእግዚአብሔር፣ እዚህ አይደለም፣ አደባባዩን እንለፍ!" ልጅቷ አላየችውም። ዘውዱ ሲወርድ እንግዶቹ የበዓሉ ክፍል መስሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ፤ አንዱማ "ድጋሚ!" ብሎ ጮኸ። የመንደሩ ሰዎች ግን ገባቸው። መጀመሪያ ሬዝል እጇን አወረደች። ከዚያ ወንዶቹ ቆባቸውን አንድ በአንድ አወለቁ፣ ያ "ጥፍሯን ልትቀባ" ያለውም ጭምር።

ቡርጊ ወደ ሁለተኛዋ ላም ሄዳ የዘውዷን ማሰሪያ ያዘች።

"አትንኪው" አለች ፍሮኒ፣ ሳትጮህ። "አንቺ ሂጂና አብረሻቸው ተቀመጪ። እሱን ነበር የምትሠሪው።"

ሄደች። በጭብጨባው መሃል፣ ሰዉን እየገፋች፣ ያለ ይቅርታ። ክፍሉን ከፈተች፣ ሻማ አበራች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀዘቀዘውን እጅ ያዘች። ውጭ ቃጭሉ ይጮኻል። ከዚያ አንዱ ዝም አለ። ከዚያ ሌላው። የመንደሩ ሰዎች ከየግቢው ድርቆሽ እየነጠቁ ቃጭሎቹን ሲደፍኑ፣ ላም በላም፣ መንገዱ ጸጥ እያለ ወደ ቤቱ ቀረበ። በመጨረሻ የኮቴ ድምፅ ብቻ በመስኮቱ ሥር አለፈ። የእንግዶቹ ጭብጨባም ቆሟል፤ ገብቷቸው መሆን አለበት።

ፍሮኒ ወዲያው ወደ ክፍሉ አልወጣችም። መጀመሪያ ከብቶቹን በረት አስገባች፣ አሰረች፣ ውኃ ሰጠች። ከዚያ እንዳለች፣ እበት በጫማዋ፣ መጥታ በአልጋው ማዶ ተቀመጠች። እናቷን አላየቻትም። ጎንበስ ብላ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋች።

"አያቴ፣ ሁሉንም አውርጃቸዋለሁ። አንድም አልጎደለ።"

ቡርጊ በአልጋው ላይ እጇን ዘረጋችላት። ፍሮኒ እጇን አየችው፣ አልያዘችውም።

"ነገ" አለች። "ዛሬ አልችልም፣ እማ። ነገ።"