ሞተር ላይ ሆኖ እጅ መንሳት

ወንድሜ አበባው ሄልሜት አለው። ደግሞ እንዴት ያለ ሄልሜት! ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ። ጣጣው ምንድነው፣ ጭንቅላቱ ላይ አያደርገውም። ክርኑ ላይ ሰክቶት ነው ወልድያን ከላይ እስከ ታች የሚያካልላት። እኔ እህቱ ውባለም መናኸሪያው አጠገብ የሞተር ጎማ እሸጣለሁ። ሞተረኛ ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ በዚህ አገር እንደ ክርን የሚጠበቅ የሰውነት ክፍል አላየሁም።

«አንተ፣ ለምን ራስህ ላይ አታደርገውም?» ስለው፣ «እቴ ውቤ፣ ካደረግኩትማ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?» ይለኛል።

እውነቱን ነው። እኛ ጋ ተሸፋፍኖ በሰው ፊት ያለፈ «ሰላምታ የማያውቅ ጥጋበኛ» ይባላል፤ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ አበባው ሞተር ላይ ሆኖ ለአንዱ እጁን ያወዛውዛል፣ ለሌላው ጎንበስ ይላል፣ ለቄሱ ደግሞ ግማሽ ገላውን አጥፎ ይሰግዳል። መሪውን የሚይዘው ከሰላምታ ሲተርፈው ነው።

ይባስ ብሎ ዘንድሮ የእሽቅድምድም ልብስ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ ቆዳ፣ ትከሻውና ጉልበቱ ላይ ድፍን ፕላስቲክ ያለው። ያንን ለብሶ የት ቢሄድ ጥሩ ነው? ገበያ! ያውም በእግሩ! በተራመደ ቁጥር ቆዳው ሲጥ ሲጥ ይላል። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ አይታው ከንፈሯን መጠጠችና «እኔን ልጄ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አለችው። ተሰብሮ የታሰረ መስሏት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አበባው ሰምሃርን ይወዳል። በዚህ አልቀልድም፤ ስሟ ሲነሳ ያ ሁሉ ጉራው ይጠፋና እንደ ሕፃን አፉ ይተሳሰራል። አባቷ አቶ ሃፍታይ ወልድያ ውስጥ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ፍፁም ግን ቆቦ መንገድ ላይ በሞተር ሞተ። እሱም እንደ ሁሉም ሄልሜቱን ክርኑ ላይ ሰክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የሞተር ድምፅ ሲሰማ እናትየው መስኮት ይዘጋሉ።

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው ሽማግሌ የላክነው። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ጋሽ ደምሴ ሽማግሎቹን ይዘው ሄዱ። አቶ ሃፍታይ በመጀመሪያው ቀን «ለሞተረኛ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው መለሷቸው። በሁለተኛው ዝም አሉ። በሦስተኛው፣ ጋሽ ደምሴ ለምነውም ተቆጥተውም ሲያስቸግሯቸው፣ አቶ ሃፍታይ «እሺ፣ እሁድ የሞተር ውድድር አለ አይደል? ሲሪንቃ ላይ ሲያልፍ ቆሜ በዓይኔ አየዋለሁ። የጨዋ ልጅ ከሆነ ያስታውቃል» አሉ።

በማግስቱ ሰምሃር ሱቄ ድረስ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«እትዬ ውባለም፣ አባቴ የሚፈልገውን እሱ ያውቃል። የኔ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሄልሜቱን ጭንቅላቱ ላይ ያድርግ፤ ምንም ቢመጣ እንዳያወልቀው።»

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ የለም። አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ» ብላ ሄደች።

እንዳለችኝ ነገርኩት። አበባው እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ «ገብርኤልን አላወልቀውም!» ብሎ ማለ። እኔም የዋህ አመንኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውድድሩ ከወልድያ መውጫ ተነስቶ መርሳ መግቢያ ላይ ሊያልቅ ነው። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል ተባለ። ለመኪና ዘጉት፣ ለፍየል ማን ይዝጋው! እኔ ከሽማግሎቹ ጋር በሚኒባስ ቀድሜ ሲሪንቃ ወረድኩ። አቶ ሃፍታይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቆመዋል። ሰምሃር ከኋላቸው ናት፤ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

ድምፁ ከሩቅ መጣ። መጀመሪያ ብቅ ያለው ቀዩ ቆዳ ነው። አበባው! ሄልሜቱም ጭንቅላቱ ላይ! ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ጋሽ ደምሴን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ከኋላው የመርሳው ሙስዐብ በነጭ ሞተር ይከተላል፤ የቀሩት ገና አቧራ ውስጥ ናቸው።

ወንድሜ አቶ ሃፍታይን አያቸው። ማየቱን ያወቅሁት ግራ እጁ ከመሪው ተነስቶ ወደ አገጩ ሲሄድ ነው።

«ተው! አንተ ልጅ ተው!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን ይስማኝ? ማሰሪያውን ለካ መነሻው ላይ ከሰው ሲያወራ ፈትቶት በጥድፊያ ነው መልሶ ያሰረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሄልሜቱን መዥረጥ አድርጎ አወለቀ፣ ደረቱ ላይ አስደገፈው፣ ከወገቡ ሰበር ብሎ ለአቶ ሃፍታይ እጅ ነሳ። ፊቱን ፈገግታ ሞልቶታል። መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ አበባው ግን እንዳጎነበሰ ቀጥ ብሎ ሄደና የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባ።

ሙስዐብ ራሱን ሳያነቃንቅ፣ ጥሩምባውን አንዴ ጢጥ አድርጎ አለፈ።

«የማን ልጅ ነው ይሄ ስድ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ በዚያ ሰዓት! «ትልቅ ሰው ቆሞ ጎንበስ እንኳ አይልም?»

«ጎንበስ ያለውማ ቦይ ውስጥ ነው፣ ጋሼ!» ብያቸው ሮጥኩ።

ጎትተን አወጣነው። ያ የሳቅንበት ቆዳ ለካ ሥራውን ያውቃል፤ ጉልበቱም ትከሻውም ደህና ነው። ግንባሩ ግን ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሸፍኖታል። ሄልሜቱ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ተቀምጧል፣ ላስቲኩ እንኳ አልተጫረም።

አቶ ሃፍታይ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። እንባቸው ይወርዳል። እኔ ሊረግሙት ነው ብዬ ስሳቀቅ፣ እሳቸው ትከሻውን ይዘው «በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ እንኳ ትልቅ ሰው አከበረ! ያሳደገህ ይባረክ! ልጄን ሰጥቼሃለሁ!» አይሉ መሰላችሁ?

«እሰይ! እሰይ!» አሉ ሽማግሎቹ። እኔም እልል አልኩ። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው። እሱም ደሙ እየፈሰሰ ለማመስገን እንደገና ሊያጎነብስ ሲል ወደቀ።

ሰምሃር ተንበርክካ ሻርፗን ግንባሩ ላይ ጫነች።

«ምን ብዬህ ነበር?» አለችው።

«አባትሽ እኮ ናቸው፣ ሰምሃርዬ። እንዴት ዝም ብዬ አልፋቸዋለሁ?»

«ብትሞትስ?»

ጋሽ ደምሴ ጣልቃ ገቡ፣ «አንቺ ልጅ፣ ስለ ሞት አታውሪ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው። አባትሽ ከፈቀዱ ምን ቀረ?»

«አባቴ ልጁ ጨዋ ነው ብሎ ሰጠው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ ጨዋ ሬሳ አላገባም። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል።»

አቶ ሃፍታይ ከዘራቸውን ጥለው ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። ከሽማግሎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሌላው ሰማይ ሰማይ አየ።

አበባው የሰምሃርን እጅ ከነሻርፑ ያዘ። እንደ ሕፃን አፉ ተሳሰረ።

«ሽማግሌ... ሽማግሌ ደግሜ ልላክ?»

«ወደ ማን?» አለችው። «አባቴማ እሺ ብሏል።»