ያልተረገጠው ሶል

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሰፊ ነበር። አሁን ስም ይጠፋበታል። የእኔን ስም ካነሣ ሰነባብቷል፤ ፊቴን ግን ገና አልሳተውም ነበር። ፍርሃቴ ይህችንም እንዳላጣት ነበር።

ሩቅ አገር ስለ አንጎል ስማር ኖሬ፣ ይዤለት የመጣሁት መድኃኒት እግር ነው፤ ሰው በየቀኑ ሲራመድ አንጎሉ ደም በደንብ ያገኛል፣ መርሳቱም ሊዘገይ ይችላል።

"በ'ይችላል' ነው ሽማግሌ የምታንከራትተው?" አለች ታላቅ እህቴ። ቢሆንም እኔ ሥራ ስገባ ጠዋት ጠዋት ልታራምደው እሺ አለች።

ስመለስ ለመራመጃ የገዛሁለት አዲስ ጫማ አቧራ ለብሶ በር ላይ ይጠብቀኛል። እየወለወልኩት ደስ ይለኛል። አባቴ ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። ትምህርቴን ጠረጠርኩ፣ ራሴን ጠረጠርኩ፤ እህቴን መጠርጠር አልመጣልኝም።

አንድ እሑድ ደጅ ተቀምጬ ያንኑ ጫማ ስወለውል፣ አባቴ አጠገቤ ሆኖ ያየኛል።

"በከንቱ አይድከሙ" አለኝ።

አንቱታውን ስሰማ እጄ ቆመ። ጫማውን ተቀበለኝና ገለበጠው፤ አውራ ጣቱን እንደ ድሮው ሶሉ ላይ አሳለፈ።

"ላዩ አቧራ ጠጥቷል፤ ሶሉ መሬት አያውቅም" ብሎ ሳቀ። "ልጅቷ ጎረቤት ጓሮ ታስቀምጠኛለች። ስንመለስ አፈር ትነሰንስበታለች። ለልጄ እንዳይነግሩት፣ አደራ! ካልተራመድኩ ይከፋዋል።"

እህቴን ሳህን ስታጥብ አገኘኋት።

"ምነው እትዬ? ምን አደረግኩሽ?"

ወዲያው ገባት። "ታዲያ ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ቀን መንገድ ባወጣው፣ ስንት ዘመን ጫማቸውን የሰፋላቸውን ሰዎች ሰላም ሳይል አለፋቸው። 'ልጁ ከውጭ ቢመጣለት ኮራ' አሉት። ጃጅቶ ነው ልበላቸው? አንተ ጭንቅላቱን ስታድን እኔ ስሙን ልቅበር?"

"ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?"

"አንተ መቼ ትሰማለህ? ታስረዳለህ እንጂ።"

"ከገዛ አባቴ ጋር መከርሽብኝ!"

የታጠበውን ሳህን ደግማ አጠበችው።

ወጣሁ። አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጫማውን አጠለቅኩለት፣ ክሩንም አሠርኩ። እሱም እንደ ደንበኛ እግሩን አደላድሎ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ልጄ ነው የላከዎት?"

ክንዱን ይዤ አስነሣሁት።

"አዎ" አልኩት።