የሃምሳ አለቃ ገሠሠ አያት

ሃምሳ አለቃ ገሠሠ ቡታጅራ ውስጥ በጋሪ ሠሪነቱ የታወቀ ሰው ነው። ከአሮጌ መኪና ጎማና ከባሕር ዛፍ አጣና እየገጣጠመ የሚያቆመው ጋሪ ከመስቃን ገጠር በርበሬ ሲያመላልስ ይውላል። መንግሥት ተለውጦ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ወደ ቤቱ ከተመለሰ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከውትድርናው ይዞ የመጣው ሲቀመጥ የሚንቋቋ ጉልበትና ማኅተም ያረፈበት አንድ የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱን መስታወት አስገጥሞለት እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ሰቅሎታል።

ወረቀቱ ላይ «ገሠሠ አርጋው ደበላ» ተብሎ ተጽፏል። አርጋው አባቱ ነው። ደበላ ግን አያቱ አልነበረም። ደበላ በሬ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1969 ዓ.ም. ነው። የሃያ ዓመቱ ገሠሠ ጠዋት ከእርሻ ላይ ተጠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚሊሺያ መመዝገቢያ ሰልፍ ላይ ተገኘ። ጸሐፊው አሥር አለቃ ቀና እንኳ ሳይል «የአያት ስም» ብሎ ጮኸበት። ገሠሠ አያቱን ሰንበቶን አሳምሮ ያውቃል፤ እንኳን አያቱን፣ ሰባት ቤት ድረስ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ያን ሰዓት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረው ከቀንበር ሳይፈታው ትቶት የመጣው በሬ ብቻ ነበር። «ደበላ» አለ። ተጻፈ። ለማስተካከል አፉን ሲከፍት «ቀጣይ» ተባለ።

ልጆች ተወልደው «ደበላ ማነው?» ማለት ሲጀምሩ እውነቱን ለመናገር አፈረ። ስለዚህ የበሬውን ገድል ትንሽ ትንሽ እያስተካከለ ነገራቸው። ደበላ ከተኛበት ሳይነሣ ጅብ ገደለ። ደበላ የጎረቤቱን አጥር በግንባሩ አፈረሰ።

«ለምን በግንባሩ?» አለችው ትልቋ ልጁ ሚስጥር።

«በዚያን ዘመን ሰው ግንባር ነበረው» አላት።

ይህችው ሚስጥር አድጋ አብርሽ የሚባል የቡኢ ልጅ ወደደች። እሱን ካላገባሁ ሌላ አላገባም አለች፤ ገሠሠም ልጁን ወዶታል። የአብርሽ ወገኖች አንድ እሑድ ሽማግሌ ላኩ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር የአብርሽ አያት እማማ አዛለችም መጡ። ሴት ከሽማግሌ ጋር መምጣቷ ያልተለመደ ቢሆንም፣ በዚያ ቤተሰብ ዘር አጥርተው የሚቆጥሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። ሚስጥር ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አደረጉና የተሰቀለውን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ። «ገሠሠ አርጋው ደበላ።»

እማማ አዛለች ቀና አሉ። «የየት አገር ደበላ?»

«ትውልዴ ከቡኢ በታች ነው፣ እማማ» አለ ገሠሠ፣ ምን እየመጣበት እንደሆነ ሳይገባው።

«ከቡኢ በታች ያለው ደበላ አንድ ነው። እሱም አባቴ ነው። እንግዲህ አንተ የወንድሜ ልጅ ነሃ። አርጋው የሚባል ወንድም እንዳለኝ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። አይ አባቴ፣ የት የት ሲዞር ኖሯል።»

«ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸዋ» አሉ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን እየፈለጉ።

«የለም፣ አያቴ ሰንበቶ ነው።»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል?»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ደበላ ማነው?»

በሬው ደበላ የተባለው የገሠሠ አባት ደበላ ከሚባል ሰው ስለገዛው ነበር። ዝም ካለ ልጁ የወደደችውን ታጣለች። ከተናገረ ደግሞ የእኚህን ሴት አባት በሬ ማለቱ ነው። ወደ መጋረጃው አየ።

«በሬያችን ነው» አለ።

ባለቤቱ ወለተ ሐና የቆሎውን ሰሃን እንደያዘች ቆመች። «ምን አልክ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸበል ጻዲቅ የማወጣው ለበሬ ነው? ነፍስ ይማር እያልኩ?»

«ቆይ አንቺ» አሏት እማማ አዛለች። «በሬ ስሙ ቦራ ነው፣ ዳለቻ ነው። በአባቴ ስም የተጠራው ስለ ምን ነው?»

«ከሳቸው ነው የተገዛው፣ እማማ።»

«እንዴት ያለ በሬ ነበር?»

«ጥሩ በሬ ነበር። ታዛዥ፣ ጠንካራ…»

«እንግዲያው ከአባቴ አልተገዛም። አባቴ ጥሩ በሬ አይሸጥም። ተነሡ እንሂድ።»

«ሰነፍ ነበር» አለ ገሠሠ ቶሎ። በሬውን ይወደው ስለነበር አንጀቱ አላስችል እያለው ነው። «ሁለት ፈር አርሶ ይተኛል።»

«ሌላስ?»

«አጥር በግንባሩ እየጣሰ የጎረቤት እንሰት ይበላል።»

«ጅቡስ፣ አባዬ?» አለች ሚስጥር ከመጋረጃው ጀርባ።

«ጅቡ ሊበላው ሲመጣ በእንቅልፍ ልቡ ተገላበጠበት።»

«አንድ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ ነው?» አሉ እማማ አዛለች።

«ግራው።»

«ቀዩ ነው። አባቴ ሦስት ገበያ ወስዶ ሦስቴ መልሶታል። በአራተኛው ሞኝ አገኘሁ ብሎ ጎረቤት ጠርቶ አበላ። ሞኙ አባትህ ነበራ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «በሬው ሲሞትስ?» አሉ።

«እኔ ጅጅጋ አጠገብ ምሽግ ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ‹ደበላ ሞተብን› ብላ አጻፈች። አለቀስኩ። ጓደኞቼ ደብዳቤውን አንብበው አያቱ ሞቱ አሉ፣ ሰው ሁሉ ሀዘን ተቀመጠልኝ። የመቶ አለቃው ሳይቀር መጥቶ ‹ዕድሜ ጠግበዋል፣ ተጽናና› አለኝ።»

«እውነቱን አልነገርካቸውም?»

«ልነግራቸው ነበር። በሳምንቱ ግን የምነግረው ብዙ ሰው አልነበረም።»

ወለተ ሐና የያዘችውን የቆሎ ሰሃን አስቀመጠች።

«አባቴ የተቀበረ ዕለት ዝናብ ነበር» አሉ እማማ አዛለች። «ሰው አልመጣም። በስሙ እንዲያ የሚለቀስ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር። በል፣ ከሰንበቶ ጀምረህ ቁጠር።»

ገሠሠ ቆጠረ፤ እሳቸውም በበኩላቸው ቆጠሩ። ሽማግሌው በእያንዳንዱ ስም ጣታቸውን ያጥፋሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም እጆቻቸውን ተመለከቱና «በጭራሽ አንገናኝም» አሉ።

ይህ ቃል እንዲህ ያስደሰተው ቤት ያለ አይመስልም። ሚስጥር ማንንም ሳትጠብቅ ራሷ እልል አለች። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ብሎ የተቆጣት ግን አልነበረም።