ጠበል የጠጣው ዲናሞ

ምንይችል ለአባቱ አሮጌ ፔጆ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስመጣው ዲናሞ አልገጥም አለ። የታመሙት እናቱ ደግሞ «ሐኪም ቤት በሟች ባሌ መኪና ካልሆነ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል።

መካኒኳ የዓለምዘርፍ የሞተሩን ቁጥር ከግራሶው ውስጥ ፈልፍላ አነበበች።

«ስሙ ብቻ ነው ፔጆ፤ አባትህ የቶዮታ ሞተር አስገብተውበታል።»

የቶዮታው ዲናሞ እዚያው ደብረ ማርቆስ ተገኘ፤ ተገጠመ፤ መኪናዋም ተነሳች።

«የድሮውን ምን አቃጠለው?» አላት።

«ውሃ። ማነው ሞተር ላይ ውሃ የሚደፋ?»

ወዲያው የምንይችል እናት እያቃሰቱ ብቅ አሉ። መንገድ ሲወጡ እንደ ልማዳቸው የጠበል ጆጋቸውን ይዘው ወደ ተከፈተው ኮፈን አመሩ። ቢከለክላቸው እሳቸው አይሄዱም፤ ቢተዋቸው መኪናዋ አትሄድም።

ሞተሩን በጀርባው ከለለና አንገቱን ደፋ።

«እማዬ፣ እኔን እርጪኝ! ሞተሩስ ክርስትና ከተነሳ ቆየ፤ አሁን የሚያሰጋው ሹፌሩ ነው።»