ፕላስተሩ

ጠዋት ተነስታ ሻይ አፈላች፤ ኮሪደሩ ላይ የተዘረጋውን የኢንተርኔት ገመድ እግሯን አንስታ ተሻገረችና በሟች ባሏ ክፍል ተቀምጣ የትርጉም ሥራዋን ከፈተች። ገመዱ ከዚያ አያልፍም፤ ክፍሉ ደግሞ ፀሐይ አያየውም። በረንዳው ላይ መሥራት ካማራት ቆይቷል።

ረፋዱ ላይ የባሏ ታናሽ እህት መጣች።

"እታለም፣ ዋይፋዩን ዛሬ ካላስነሳሁት ከሰው አትቁጠሪኝ!"

ላፕቶፑ የሚሠራው ባሏ በጫነላት ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነበር። እህቱ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ድራይቨር እንደገና ጫነች፣ አጥፍታ አበራችው፤ ምንም የለም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፍታ ጻፈችና መልሱን አነበበች።

"ድራይቨሩስ ደህና ነው። ዋይፋዩ በማብሪያው ተዘግቷል ይላል። የት ነው ማብሪያው?"

"እኔ እንጃ።"

እህትየው የላፕቶፑን ጎን ስትዳብስ እጇ ጥቁር ፕላስተር ላይ አረፈ።

"እሱን ተዪው! ወንድምሽ ነው የለጠፈው። መስመሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ገመዱን ዘረጋልኝና 'ይሄን እንዳትነኪ' አለኝ።"

"ወይ ወንድሜ! መጠገን ሲያቅተው ያሽገዋል እኮ! ያኔ የሚቆራረጠው ራውተሩ አሮጌ ስለሆነ ነበር፣ እታለም፤ አሁን ተቀይሯል።"

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፕላስተሩን እታለም ራሷ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ የተገኘውን ማብሪያ ገፋ ስታደርገው ዋይፋዩ ተያያዘ። እህትየው ገመዱን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ጀርባዋን እያሞቃት ሥራዋ ሰመረላት፤ ደስ አላት። ሻይ ልትጨምር ስትገባ ኮሪደሩ ላይ እግሯን ከፍ አደረገች። ገመዱ የለም።